በሜፕል ሽሮፕ ወቅት የቨርሞንትን የገጠር መንገድ በመኪና ማሰስ፦ ማጥ ውስጥ ሳይቀሩ ገብቶ የመውጫ ዝርዝር መመሪያ

በየዓመቱ መጋቢት ከገባ በኋላ ስልኬ የሚጮኸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የሚደውለው ሰው ይለያያል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ከቦስተን ወይም ከማንችስተር ቤተሰቡን ይዞ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ወዳለችው ወደ ቨርሞንት ግዛት ወጥቷል። የሜፕል ሽሮፕ፣ ማለትም ከሜፕል ዛፍ ውሃ የሚሠራው ጣፋጭ፣ ሲፈላ ለማየት ጓጉቷል። በመንገዱ ላይ ደስ የሚል የጫካ መንገድ አይቶ ታጥፏል፤ አሁን መኪናው እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ተቀምጧል። መኪናው ፎር ዊል ነው፣ ጎማው አዲስ ነው፣ ሹፌሩም የለመደ ነው። የሳተው ሰዓቱን ብቻ ነው።

የሜፕል ዛፍ ውሃውን የሚለቀው ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ቀኑ ሞቅ ሲል ነው። ዛፉን የሚያፈሰው ሙቀት ግን መንገዱንም ያፈርሰዋል። ሽሮፕ አብሳዮቹ እሳቱን የሚያነዱት ውሃው ከተጠራቀመ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። እንግዳውም ያንን ሰዓት ጠብቆ ይመጣል። የጫካው መንገድ በቀኑ ውስጥ ከሁሉ የከፋ የሚሆነውም በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ ኮረኮንቹን በማለዳ ውርጭ ላይ ነድታችሁ ጨርሱ፤ ሽሮፑን ከሰዓት በኋላ በደህናው መንገድ ሄዳችሁ እዩ።

የምጠቅሳቸው ሰዓቶችና ወራት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። በየመንገዱ የሚለጠፈው ማስታወቂያ በአሜሪካ ሰዓት ስለሆነ 6 ሰዓት እየቀነሳችሁ አንብቡት፤ የእነሱ 10 የእኛ 4 ነው።

## ከሁሉ በፊት፦ ይህ ጭቃ ዋልካ አይደለም

አገር ቤት በክረምት ዋልካ ላይ የነዳ ሰው ጭቃ አውቃለሁ ብሎ ይመጣል፤ የሚሳሳተውም በዚያ ነው። ዋልካ ዝናቡ ሲያባራና ፀሐይ ሲወጣ ይጠነክራል፤ ስለዚህ የለመደ ሹፌር ፀሐይ ይጠብቃል። ቨርሞንት ውስጥ በዚህ ወቅት ፀሐይ መጠበቅ ማለት መኪናን ለማጥ አሳልፎ መስጠት ማለት ነው።

ምክንያቱ ከሥር ነው። በቨርሞንት የበረዶ ክረምት መሬቱ ወደ ጥልቅ ድረስ ይቀዘቅዝና እንደ ድንጋይ ይሆናል። ሙቀት ሲመጣ የሚቀልጠው ከላይ ጀምሮ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ስንዝር፣ ቀጥሎ አንድ ክንድ። የቀለጠው ውሃ ወደ ታች እንዳይሰርግ ከሥሩ ያለው በረዶ ይከለክለዋል። መንገዱ ምጣድ ላይ እንደ ፈሰሰ ሊጥ ይሆናል፦ ከላይ ፈሳሽ፣ ከታች ጠንካራና አንሸራታች።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ሌሊት ውርጭ ሲመታው የላይኛው ሊጥ መልሶ ይጠነክርና ጠዋት መኪና ይሸከማል። ቅርፊቱ አንዴ ከተሰበረ ግን ጎማው እስከ ታችኛው በረዶ ይወርዳል፤ እዚያ ቤንዚን መስጠት በረዶውን መወልወል ብቻ ነው።

## ደረጃ 1፦ መንገዱን ቤት ሆናችሁ ምረጡ

በቨርሞንት የከተማና የገጠር መንገዶች በ4 ደረጃ የተከፈሉ ናቸው። እስከ 3ኛ ደረጃ ያሉትን ከተሞቹ ይጠግናሉ። 3ኛ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ጠጠር መንገድ ነው፤ በዚህ ወቅት እሱ ራሱ ቢሆን በቂ ፈተና አለው። 4ኛ ደረጃን ከተማው የመጠገን ግዴታ የለበትም፤ በረዶም አይጠረግለትም፤ ድልድዩ ቢፈርስ ፈርሶ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ወርዶ ደግሞ በሕግ «የእግር መንገድ» ተብሎ የተመዘገበ አለ፤ ወደ እሱ በመኪና አትግቡ።

1. የቨርሞንት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ከተማ ያዘጋጀውን የመንገድ ካርታ ከድረ ገጹ አውርዱ። ደረጃዎቹ በተለያየ መስመር ተለይተው ተቀምጠዋል። የምትሄዱበትን መንገድ ደረጃ ሳታውቁ ከቤት አትውጡ።

2. ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ 4ኛ ደረጃን ለሞቃቶቹ የበጋ ወራት ተዉት። በሰሜን ምሥራቅ በኩል በፒቻም፣ በዳንቪልና በክራፍትስበሪ ዙሪያ ያሉት ባለ ጠጠር 3ኛ ደረጃ መንገዶች የሜፕል ጫካ፣ የከብት እርባታና ኮረብታ የሞላባቸው ናቸው፤ ልባችሁን ያጠግባሉ።

3. ሐሙስ ወይም ዓርብ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ደውሉና «መንገዱ ለጭቃው ወቅት ተዘግቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቅዳሜ አብዛኞቹ አይሠሩም። ከተሞቹ 4ኛ ደረጃ መንገዶችን በዚህ ወቅት ለመኪና ሊዘጉ ይችላሉ። የተለጠፈ ምልክት ካያችሁ፣ በር ባይኖረውም እንኳ፣ ተመለሱ።

4. የስልክ ካርታ «አጭሩ መንገድ» ሲል አትመኑት። የሊንከን ጋፕና የስማግለርስ ኖች የተራራ መንገዶች በክረምት ይዘጋሉ፤ በመጋቢትም እንደተዘጉ ናቸው። በግሪን ማውንቴን ብሔራዊ ደን ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ የጫካ መንገዶችም ለጭቃው ወቅት በራቸው ይቆለፋል።

5. ጠቅላላ ርዝመቱ ከ8 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ፣ በሁለቱም ጫፍ ወደ አስፋልት የሚያወጣ መንገድ ምረጡ። ዞሮ መመለሻ የሌለው መንገድ ጠዋት በገባችሁበት ቅርፊት ላይ ፀሐይ ከወጣ በኋላ እንድትመለሱ ያስገድዳችኋል።

ካርታውን በወረቀት አትሙ። በእነዚያ ሸለቆዎች ውስጥ የስልክ ኔትወርክ በየመታጠፊያው ይጠፋል።

## ደረጃ 2፦ ሌሊቱን አንብቡ

ወቅቱ በአብዛኛው ከየካቲት አጋማሽ በኋላ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያስኬደው ቀን የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ያለፈው ሌሊት ነው፤ የዕለቱ ፀሐይ ምንም አይነግራችሁም።

ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ለብዙ ሰዓታት ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከነበረ ሂዱ። በፋራናይት 25 አካባቢ ማለት ነው። ከዜሮ በታች በ4 ዲግሪና በዜሮ መካከል ከዋለለ ቅርፊቱ ስስ ስለሚሆን ሰው በሚኖርበት 3ኛ ደረጃ መንገድ ብቻ ተወሰኑ። ሌሊቱ ከዜሮ በላይ ካደረ፣ ደመና ካደረበት ወይም ዝናብ ከጣለ ግን ጉዞውን ሰርዙ። ሆቴል ተይዟል፣ ልጆቹ ጓግተዋል፣ ሩቅ ነድተናል፤ ይህ ሁሉ መንገዱን አያጠነክረውም።

ትንበያው የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሸለቆው ወይም ስለ አየር ማረፊያው ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ፍርድ በቦታው ስጡ። ወደ ጫካው መንገድ ከመታጠፋችሁ በፊት መኪናውን ጠጠሩ ላይ አቁማችሁ ውረዱ፤ ረጅም ካቻቪቴ ይዛችሁ የጎማው መስመር ላይ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት። ጫፉ ብቻ ገብቶ ከቆመና ድምፁ ድንጋይ እንደ መታ ከሆነ መንገዱ ይሸከማችኋል። የጣት ርዝመት ያህል ገብቶ ከዚያ ከጠነከረ ቅርፊቱ እየሳሳ ነው፤ እስከ እጀታው ከሰመጠ ደግሞ መኪናውን አዙሩ። ይህን ሙከራ በአንድ ቦታ ብቻ አታድርጉት፤ አንድ ጥላ ያለበት ቦታ፣ አንድ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ምረጡ። ሃያ ሰኮንድ የሚወስድ ነገር ነው፤ ስንት መኪና እንዳዳነ እኔ አውቃለሁ።

የሰዓቱ ዕቅድ ይህ ነው። በመጋቢት አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ወደ 12 ሰዓት ከ45 አካባቢ ነው። 1 ሰዓት ላይ መንገዱ ውስጥ ሁኑ። 3 ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ ወደ ቅርቡ መውጫ ዙሩ። 4 ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ጎማችሁ አስፋልት ላይ ይሁን። ቀኑ ገና በማለዳው ሞቅ ካለ ግማሽ ሰዓት ቀንሱለት።

## ደረጃ 3፦ መኪናውን አዘጋጁ

የተከራያችሁት መኪና ከሆነ ውሉን አንብቡ። ብዙዎቹ የኪራይ ውሎች አስፋልት ባልሆነ መንገድ መንዳትን ይከለክላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው ጉዳት ሁሉ የእናንተ ዕዳ ነው። የመጎተቻ መድን ያላችሁም ብትሆኑ ጥገና በሌለው መንገድ ላይ ይመጣ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ብዙዎቹ አይመጡም።

1. ከመሬት እስከ መኪናው ሆድ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይኑር።
2. የክረምት ጎማው ገና አይፈታ። ጥላ ያለበት ዳገት እስከ ሚያዝያ በረዶ ያዝላል፤ የበጋ ጎማ እዚያ ላይ አይረዳም።
3. የመጎተቻውን ቀለበት ቤት ሆናችሁ ፈልጉት። በብዙ መኪኖች ላይ ከስኮርታው ጋር ተቀምጦ ከፊት ለፊት የሚጠመዘዝ ነው። አንድ ጊዜ አስገብታችሁ ሞክሩት። ይህ ተጠምዛዥ ቀለበት ለቀስታ ጎተታ ብቻ የተሠራ ነው፤ በንጥቂያ ለመጎተት አይሆንም።
4. ስኮርታ መኖሩንና አየር መያዙን እዩ። አዳዲስ መኪኖች ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም።
5. ታንከሩን ሙሉ። ሌሊት መኪና ውስጥ ብታድሩ የሚያሞቃችሁ እሱ ነው።

## ደረጃ 4፦ የምትይዙት ዕቃ

ለመውጫ፦ ከጎማ ሥር የሚገባ ባለ ጥርስ የፕላስቲክ ሳንቃ ሁለት፣ ሹል አካፋ፣ የአየር መለኪያና በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ጎማ መንፊያ፣ ክብደቱ የተጻፈበት የመጎተቻ ገመድና ማያያዣ፣ ክሪክ። ለክሪኩ ደግሞ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ። ጣውላው ከተረሳ ክሪኩ መኪናውን ከማንሳት ይልቅ ራሱ ወደ ጭቃው ይገባል።

ለሰው፦ እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ጥንድ ደረቅ ካልሲ፣ ብርድ ልብስ፣ የግንባር መብራት፣ ውሃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ። ካልሲውን አትናቁ። ጭቃው በረዶ የቀለጠበት ውሃ ነው፤ እግር አንዴ ከራሰ በኋላ ሰው ማሰብ የሚያቆመው ቶሎ ነው።

ቤት ለሚቀር ሰው የመንገዱን ስም፣ የምትገቡበትንና የምትወጡበትን ሰዓት በጽሑፍ ላኩ። «እስከ 6 ሰዓት ካልደወልኩ ወደ 911 ደውል» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት።

## ደረጃ 5፦ መንገዱ ላይ

1. ከመግባታችሁ በፊት አየር ቀንሱ። 35 ፒኤስአይ የሚይዝ ጎማ ወደ 22 አካባቢ ይውረድ። ጎማው ሰፋ ብሎ ሲተኛ ክብደቱን ያከፋፍላል፤ ቅርፊቱም አይሰበርም። ከ15 በታች አትውረዱ፤ ጎማው ከቸርኬው ሊላቀቅ ይችላል።

2. ፎር ዊሉን አሁን አስገቡ። ጎማ መሽከርከር ከጀመረ በኋላ ማስገባት ዘግይቷል።

3. በጎማ ዱካ ውስጥ አትንዱ። ሌላ መኪና ትናንት የቆፈረው ቦይ ሌሊት ቀዝቅዞ እንደ ባቡር ሐዲድ ይይዛችኋል፤ መሪ ብታዞሩም አይታዘዝም። በስተግራ ያሉትን ጎማዎች በመሐለኛው ጉብታ ላይ፣ በስተቀኝ ያሉትን በዳር አድርጋችሁ ቦዩን በመካከል ውሰዱት።

4. ፍጥነቱ አንድ ዓይነት ይሁን። በሰዓት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ለስላሳ ቦታ ላይ ስትደርሱ አትቁሙ፣ ቤንዚንም አትጨምሩ፤ በያዛችሁት ቀጥሉ።

5. ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ ውረዱ። እግራችሁን ከፍሬን አንሱ። በሰሜን በኩል ያለው ቁልቁለት ፀሐይ ስለማያገኘው በረዶ ነው፤ ቀኑ ሞቅ ሲል ደግሞ በላዩ ስስ ውሃ ይኖርበታል። ከዚያ የሚያዳልጥ ነገር የለም። የማትወጡትን ዳገት ቁልቁል አትውረዱት።

6. ውሃ ያቋረጠውን መንገድ አትሻገሩ። የበረዶው ውሃ ከመንገዱ ሥር በተቀበረው የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ዙሪያ ያለውን አፈር ጠርጎ ከላይ ያለውን መንገድ ባዶ አስቀርቶት ሊሆን ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ወራጅ ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል።

7. ሰማያዊውን ቱቦ አትንኩ። ከዛፍ ወደ ዛፍ የተዘረጉት ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች የሰው እንጀራ ናቸው። አንዳንዱ መንገዱን በላይ በኩል ያቋርጣል፤ ጣራ ላይ ብስክሌት ወይም ሣጥን ከጫናችሁ ከፍታውን ወርዳችሁ እዩ። ለፎቶ ብላችሁ ወደ ዛፎቹ መካከል አትግቡ፤ መንገዱ የሕዝብ ቢሆንም ግራና ቀኙ አብዛኛውን ጊዜ የግለሰብ መሬት ነው።

አሁን በደንብ ስሙ፤ ቃል በቃል በጆሮ። መስኮቱን ትንሽ ክፈቱ። ውርጭ የመታው መንገድ ከጎማ ሥር ደረቅ ድምፅ አለው፤ ቆሎ እንደ ማኘክ ያለ። ቅርፊቱ መሳሳት ሲጀምር ድምፁ ይለሰልስና አልፎ አልፎ እንደ ስስ ሸክላ ቅል የሚል ነገር ይሰማል። ከዚያ በመስታወት ወደ ኋላ ተመልከቱ፤ ጥቁር እርጥብ መስመር እየተከተላችሁ ከሆነ መንገዱ ተበላሽቷል፤ ሰዓቱ 2 ሰዓት ቢሆንም ውጡ። እንዲህ ስትቆፍሩ የምትጎዱት መኪናችሁን ብቻ አይደለም። በዚያ መንገድ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ገበሬ አለ፤ እናንተ ትታችሁ የሄዳችሁት ቦይ እስከ ግንቦት የእሱ መከራ ነው።

## ደረጃ 6፦ መኪናው ሲቀር

ጎማው በባዶ መዞር በጀመረበት ቅጽበት እግራችሁን አንሱ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ጉድጓዱን ያጠልቃል። ሞተሩን አጥፉ፣ ሁሉም ሰው ይውረድ፣ ቦቲያችሁን አድርጉና ዙሩት። መኪና የሚቀረው በሦስት መንገድ ነው፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ምንም አትሞክሩ።

ሀ. ጎማው ሰምጧል፣ ሆዱ ግን ነፃ ነው። ቀላሉ ይህ ነው።

1. ከእያንዳንዱ ጎማ ፊት ለፊት ረጋ ያለ ተዳፋት ቆፍሩ። የተጣበቀ መኪና ብዙውን ጊዜ በቀላሉ የሚወጣው በመጣበት በኩል ነው፤ ወደ ኋላ መውጣት ከመረጣችሁ ከኋላ ቆፍሩ።
2. አየሩን ወደ 18 አውርዱ።
3. ሳንቃዎቹን ጎማው ሥር እስኪነኩ ድረስ ሸጉጡ። ከጎማው ፊት ጥሎ መተው አይሠራም።
4. ሰው ሁሉ ከመኪናው ፊትና ኋላ ይራቅ። ሳንቃው ተስፈንጥሮ ሰው ሊመታ ይችላል።
5. መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ በከባድ ማርሽ፣ በጣም በቀስታ ቤንዚን ስጡ። ጎማው ሲይዝ ጠንካራ መሬት እስክትደርሱ አትቁሙ።
6. መኪናው ራሱ የጎማውን ጉልበት እየቆረጠ ካስቸገረ፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን አጥፍታችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩ።

ለ. ሆዱ ጉብታው ላይ ተቀምጧል። ጎማዎቹ አየር ላይ እንደተንጠለጠሉ ቁጠሩት። ሳንቃ ብቻውን አይረዳም። በጣውላው ላይ ክሪክ አቁማችሁ አንዱን ጎማ አንሱ፤ ከሥሩ ድንጋይና ቅርንጫፍ ሙሉ፤ ቀጥሎ ሌላውን። በክሪክ የቆመ መኪና ሥር እጃችሁን እንጂ ራሳችሁን ፈጽሞ አታስገቡ። ከዚያ ሆዱ የተቀመጠበትን አፈር በአካፋው ረጅም እጀታ ጥረጉ። አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ አትቸኩሉ።

ሐ. ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ተንሸራቶ አጋድሏል። አትሞክሩ። ሰዎቹን ከላይኛው በር አውጡና ለጎታች ደውሉ። ቤንዚን በሰጣችሁ ቁጥር የበለጠ ያጋድላል፤ ሊገለበጥም ይችላል።

ገመድ ሲመጣ። ደግ ገበሬ በትራክተር ይደርስላችሁ ይሆናል፤ በዚያ አገር ይህ የተለመደ ነው። ገመዱን ተጎታች ጋሪ በሚታሰርበት የብረት ኳስ ላይ ፈጽሞ አታስሩ። ኳሱ ተሰብሮ እንደ ጥይት መስታወት ሰብሮ ሰው ይገድላል። ከሥር ያሉት ቀጫጭን ቀለበቶችም መኪናው በመርከብ ሲጫን መታሰሪያ ናቸው፤ ለመጎተት አይሆኑም። መኪና ውስጥ ካለው ሹፌር በቀር ማንም ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያነሰ ርቀት ላይ አይቁም። ቆሞ የሚቀርጽ ልጅ ካለ መጀመሪያ አርቁት። ገበሬው ገንዘብ አልቀበልም ካለ ሽሮፕ ከእሱ ግዙ።

## ደረጃ 7፦ ከመሸ

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ያልወጣ መኪና፣ ሌሊቱ የሚበርድ ከሆነ፣ ንጋት ላይ በቀላሉ ሊወጣ ይችላል። መሬቱ ራሱ ይጠነክርላችኋል። ግን አንድ ነገር ሳታደርጉ ካደራችሁ ውርጩ ጠላት ይሆናል።

አንድ ዓመት በመጋቢት መጨረሻ፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር፣ የካቻቪቴውን ሙከራ ጥላ ውስጥ ብቻ አድርጌ ገብቼ ፀሐያማው ጎን ላይ ቀረሁ። ውርጩ ያወጣናል ብለን እንዳለ ትተነው በእግር ወጣን። ንጋት ላይ ስንመለስ ጭቃው በአራቱም ጎማ ዙሪያ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ይዟቸው ነበር። የእጅ ፍሬኑም ስቤው ስለነበር ቀዝቅዞ አልለቅ አለ። በዶማ ስንፈለፍል 4 ሰዓት ሆነ፤ ያን ጊዜ ደግሞ መንገዱ ፈሰሰ።

ስለዚህ ከመጨለሙ በፊት፦ በጎማዎቹ ዙሪያ ያለውን ጭቃ በሙሉ ቆፍራችሁ አውጡ፤ ሳንቃዎቹን ሥራቸው ሸጉጡ፤ የእጅ ፍሬኑን አትሳቡ፣ በማርሽ ተዉት፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፉት። ንጋት ላይ ፀሐይ ሳትወጣ ውጡ።

መኪናው ውስጥ የምታድሩ ከሆነ የጭስ ማውጫው በጭቃ ወይም በበረዶ አለመደፈኑን በየጊዜው እዩ። የተደፈነ ጭስ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ሞተሩን በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሱ፤ ነፋስ በማይመታው በኩል መስኮት ትንሽ ክፈቱ። ከሕፃን ወይም ከታማሚ ጋር ከሆናችሁ ግን ለማደር አትወስኑ፤ ወዲያውኑ ወደ 911 ደውሉ።

## ደረጃ 8፦ አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት

ጎማውን ወደ ነበረበት አየር ንፉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ቸርኬ ውስጠኛ ጎን እጃችሁን አስገብታችሁ ጭቃውን አውጡ። በአንድ በኩል የተጣበቀ ጭቃ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ መሪውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሰዎች መኪናው ተሰበረ ብለው ጋራዥ ይሄዳሉ። ከፊት ያለው ራዲያተር ከተለበጠ በውሃ እጠቡት። በባዶ መንገድ ላይ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩ፤ እርጥብ ፍሬን መጀመሪያ ላይ አይዝም።

## ደረጃ 9፦ አሁን ወደ ሽሮፑ

እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ምሳ በልታችሁ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ በዋናው መንገድ ሂዱ። ዛሬ እያበሰሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ውሃው ካልፈሰሰ አይነድም። በመጋቢት ውስጥ በሁለት ቅዳሜና እሑዶች በግዛቱ ሁሉ ያሉ አብሳዮች በራቸውን ለእንግዳ ይከፍታሉ። በሌላ ቀን ምልክቱ ከጣራው መካከል የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ነው።

መኪናውን ጠጠር ያለበት ቦታ አቁሙ። ግቢው ውስጥ ውሃ የጫነ ትራክተር ይገባል ይወጣል፤ በሩን አትዝጉበት።

ውስጥ ስትገቡ ከምጣዱ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ልጆችን በእጃችሁ ያዙ። 40 ሊትር ያህል የዛፍ ውሃ ተንኖ 1 ሊትር ሽሮፕ ይሆናል፤ ስለዚህ እንፋሎቱ ቤቱን ሞልቶት ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰው እንኳ አይታይም። አብሳዩ ሰፊ ጭልፋ አንስቶ ሲያዘነብለው ፈሳሹ በጠብታ መውረዱን ትቶ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ሲቆረጥ፣ ያን ጊዜ ደርሷል። ሙቀቱ ከሚፈላ ውሃ በ4 ዲግሪ ያህል ይበልጣል።

ለጾመኞች አንድ ነገር። ወቅቱ ከዓቢይ ጾም ጋር ብዙ ጊዜ ይገጥማል፤ ሽሮፑም ከዛፍ ስለሆነ የጾም ነው ብለን እንወስደዋለን። አረፋው ሲገነፍል ግን አንዳንድ አብሳይ አንድ ጠብታ ቅቤ ወይም ክሬም ጣል ያደርግበታል፤ ሌላው የአትክልት ዘይት ይጠቀማል። ከመግዛታችሁ በፊት «አረፋውን በምን ታበርዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አይከፋውም፤ ብዙዎቹ ጠርሙሱን እያሳዩ ይነግሯችኋል። ትኩሱን ሽሮፕ በንጹሕ በረዶ ላይ አፍስሰው እንደ ማስቲካ ሲጠቀለል የሚሰጧችሁን ቅመሱ። አብሮ የሚቀርበው የተጠበሰ ዶናት ግን ብዙውን ጊዜ ወተትና እንቁላል አለበት።